በሰላም ጊዜ የሰጠሙት፦ የጦር መርከቦችና የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች አደጋዎች

የጦር መርከብ ሰጠመ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ጦርነት ነው። ሆኖም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ባሉት ዓመታት ከጠላት ጥይት ይልቅ በእሳት፣ በብልሽት፣ በግጭትና በሰው ስህተት የጠፉ የባሕር ኃይል መርከቦች ቁጥር እጅግ ብዙ ነው። ግሪንፒስ የተሰኘው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ በ1989 ባወጣው ጥናት ከ1945 እስከ 1988 ድረስ ብቻ ከ1,200 በላይ የባሕር ኃይል አደጋዎችን መዝግቧል። በነዚህ አደጋዎች ሳቢያ 50 ያህል የኒውክሌር ጦር መሣሪያዎችና 9 የኒውክሌር ማብላያዎች ባሕር ሥር መቅረታቸውንም ጥናቱ ገልጿል።

በዚህ ጽሑፋችን ከነዚህ አደጋዎች መካከል ዋና ዋናዎቹን፣ መንስኤያቸውንና ያስከተሉትን ለውጥ በቅደም ተከተል እንቃኛለን። ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ ይመስላል። ነገር ግን በኒውክሌር ኃይል የሚሄዱ የጦር መርከቦች በቀይ ባሕር፣ በስዊዝ ቦይና በሆርሙዝ ሰርጥ በየጊዜው ይመላለሳሉ። በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚኖሩ ወገኖቻችንም የሚኖሩት በነዚሁ ውኃዎች ዳርቻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ እንዴት ይሠራል?

የቀድሞዎቹ ሰርጓጅ መርከቦች በናፍጣ ሞተርና በባትሪ የሚሄዱ ናቸው። የናፍጣ ሞተር አየር ስለሚፈልግ መርከቡ ባትሪውን ለመሙላት በየጊዜው ወደ ባሕሩ ገጽ መቅረብ ይኖርበታል። በዚያን ጊዜ በጠላት ራዳር መታየቱ አይቀርም። የኒውክሌር ማብላያ ግን አየር አያስፈልገውም። በማብላያው ውስጥ የዩራኒየም አተሞች ሲሰነጠቁ ከፍተኛ ሙቀት ይወጣል፤ ሙቀቱ ውኃን ወደ እንፋሎት ይለውጣል፤ እንፋሎቱም ተርባይን አሽከርክሮ መርከቡን ያንቀሳቅሳል። የሚተነፈሰው ኦክስጅን ከባሕር ውኃ ይመረታል። ስለዚህ መርከቡ ውኃ ሥር የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው የሠራተኞቹ ስንቅ እንጂ ነዳጅ አይደለም።

ማብላያውን ለማጥፋት የመቆጣጠሪያ ዘንጎች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ የአተም መሰንጠቁም ይቆማል። ይሁን እንጂ እንደ ምድጃ ፍም ሙቀቱ ወዲያው አይጠፋም። ከጠፋ በኋላም ለብዙ ጊዜ በውኃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ነዳጁ ሊቀልጥና ጨረር ሊያወጣ ይችላል። ቀጥለን የምናያቸው አንዳንዶቹ አደጋዎች የተከሰቱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላው መሠረታዊ ነገር ጥልቀት ነው። ሰርጓጅ መርከብ የሚሰምጠው ባላስት በሚባሉ ታንኮች ውስጥ ውኃ በማስገባት ሲሆን የሚወጣው ደግሞ በታመቀ አየር ውኃውን ገፍቶ በማስወጣት ነው። ወደ ታች በወረደ ቁጥር የውኃው ግፊት ይጨምራል። እያንዳንዱ መርከብ ሊቋቋመው የሚችለው የጥልቀት ወሰን አለው፤ ያን ካለፈ የብረት አካሉ በቅጽበት ይጨፈለቃል።

ትሬሸርና ስኮርፒየን፦ የአሜሪካ ሁለት ኪሳራዎች

ኤፕሪል 10 ቀን 1963 ትሬሸር የተባለችው የአሜሪካ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ከማሳቹሴትስ ጠረፍ በስተምሥራቅ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የጥልቀት ሙከራ ታደርግ ነበር። ጥገና ጨርሳ መውጣቷ ነበር። ስካይላርክ የምትባል የነፍስ አድን መርከብ ከላይ ሆና ትከታተላታለች። ከትሬሸር አነስተኛ ችግር እንደገጠማትና ለመውጣት እየሞከረች መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ደረሰ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የተቆራረጠ ድምፅ ብቻ ነበር። በውስጧ የነበሩት 129 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ከነሱ መካከል 17ቱ ሲቪል ባለሙያዎች ነበሩ። ስብርባሪዋ የተገኘው 2,600 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው።

መርማሪዎች የደረሱበት ግምት የሚከተለው ነው። በሞተር ክፍል ውስጥ የባሕር ውኃ የሚያልፍበት ቧንቧ መጋጠሚያው ላቀቀ። የገባው ውኃ የኤሌክትሪክ መስመሩን ነካ፤ ማብላያውም ራሱን አጠፋ። ኃይል ያጣችው መርከብ ባላስቷን በአየር ለማስወጣት ስትሞክር በአየር ቧንቧው ውስጥ የነበረው እርጥበት በረዶ ሠርቶ መስመሩን ዘጋው። አንዱ ብልሽት ሌላውን እየጎተተ መርከቧን ከጥልቀት ወሰኗ በታች ወሰዳት።

ይህ አደጋ ሰብሴፍ የተባለው የጥራትና ደህንነት ማረጋገጫ ሥርዓት እንዲጀመር ምክንያት ሆነ። በሥርዓቱ መሠረት ከባሕር ውኃ ጋር የሚገናኝ እያንዳንዱ ቧንቧ፣ ብየዳና ቫልቭ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራውና ማን እንደፈተሸው በጽሑፍ ይመዘገባል። ከ1915 እስከ 1963 ባለው ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከውጊያ ውጭ 16 ሰርጓጅ መርከቦችን አጥቷል። ከ1963 ወዲህ የሰብሴፍ ማረጋገጫ አግኝቶ የጠፋ አንድም መርከብ የለም።

ስኮርፒየን ግን ይህ ማረጋገጫ አልነበራትም። በሜይ 1968 ከሜዲትራኒያን ወደ አገሯ ስትመለስ ከአዞረስ ደሴቶች ደቡብ ምዕራብ 99 ሰዎችን እንደያዘች ሰጠመች። ሁለት የኒውክሌር ቶርፒዶዎችም ጭና ነበር። 3,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያረፈችው መርከብ ለምን እንደሰጠመች እስከ ዛሬ ስምምነት ላይ አልተደረሰም።

ከነዚህ ሁለት መርከቦች ጋር የተያያዘ አንድ ነገር እናንሳ። በ1985 ተመራማሪው ሮበርት ባላርድ ታዋቂዋን ታይታኒክ ሲያገኝ ገንዘቡን የሸፈነለት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነበር። የጉዞው ምስጢራዊ ዓላማ የትሬሸርና የስኮርፒየንን ስብርባሪ መመርመር ሲሆን ታይታኒክን የፈለገው በተረፈው ጊዜ ነው። ዓለም ይህን ያወቀው ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

ኬ-19፦ በእጃቸው ማብላያውን ያቀዘቀዙት

ጁላይ 4 ቀን 1961 ኬ-19 የተባለችው የሶቪየት ኅብረት ሰርጓጅ መርከብ በሰሜን አትላንቲክ ልምምድ ላይ ሳለች የአንዱ ማብላያዋ ማቀዝቀዣ አፈሰሰ። ማብላያው ቢጠፋም ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። መርከቧ መጠባበቂያ ማቀዝቀዣ ሳይገጠምላት ነበር ወደ ባሕር የወጣችው። የረጅም ርቀት ሬዲዮዋም በመበላሸቱ እርዳታ መጥራት አልተቻለም።

አዛዡ ኒኮላይ ዛቴዬቭ የነበረው አማራጭ አንድ ነበር፤ ሰዎችን ወደ ማብላያው ክፍል ልኮ አዲስ የውኃ መስመር ማስበየድ። ጨረር የሚከላከል ልብስ አልነበራቸውም። በየተራ እየገቡ መስመሩን ዘረጉ፤ ሙቀቱም ቀዘቀዘ። ሥራውን ከሠሩት መካከል 8ቱ በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ በጨረር ሞቱ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የሟቾቹ ቁጥር 22 ደረሰ።

የተረፉት ያዩትን እንዳይናገሩ ተከለከሉ። ታሪኩ በይፋ የተነገረው ሶቪየት ኅብረት ልትፈርስ በተቃረበችበት ጊዜ ነው። መርከበኞቹ ግን ለኬ-19 "ሂሮሺማ" የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። በ1972 በዚያችው መርከብ ላይ በተነሳ እሳት ሌሎች 28 ሰዎች ሞተዋል።

ኬ-219 እና ኮምሶሞሌትስ

ኦክቶበር 3 ቀን 1986 ኬ-219 ከቤርሙዳ ሰሜን ምሥራቅ ስትጓዝ በአንዱ የሚሳይል ማስቀመጫዋ ውስጥ የባሕር ውኃ ገባ። ውኃው ከሚሳይሉ ፈሳሽ ነዳጅ ጋር ተገናኝቶ ፍንዳታ ተነሳ። በቼርኖቤል አደጋ ዓለም ከደነገጠ ገና አምስት ወር አልፎታል። የሬገንና የጎርባቾቭ የሬይክጃቪክ ስብሰባም ሊካሄድ ቀናት ቀርተውት ነበር።

ማብላያው በራሱ አልጠፋ ሲል ሰርጌይ ፕሬሚኒን የተባለ የ20 ዓመት መርከበኛ እጅግ ወደ ጋለው ክፍል ገብቶ የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹን በእጁ አወረዳቸው። ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል በአየር ግፊት ልዩነት የተነሳ በሩ አልከፈት አለ። ጓደኞቹም ከውጭ ሊከፍቱለት አልቻሉም፤ እዚያው ሞተ። መርከቧ ከሦስት ቀን በኋላ ሰጠመች። ፕሬሚኒን የሩሲያ ጀግና የሚለውን ማዕረግ ያገኘው በ1997 ነው፤ ከሞተ 11 ዓመት በኋላ።

ኮምሶሞሌትስ ከታይታኒየም የተሠራች ስትሆን በ1984 1,020 ሜትር ድረስ በመውረድ ክብረ ወሰን አስመዝግባ ነበር። ኤፕሪል 7 ቀን 1989 በኖርዌይ ባሕር ላይ ሳለች ከኋላዋ ክፍል እሳት ተነሳ። መርከቧ ወደ ባሕሩ ገጽ መውጣት ብትችልም ከሰዓታት ትግል በኋላ ሰጠመች። ከ69ኙ ሠራተኞች 42ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ የሞቱት በእሳቱ አልነበረም፤ ሕይወታቸው ያለፈው በበረዶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሆነው እርዳታ ሲጠብቁ ነው። አንዲት የዓሣ ማጥመጃ መርከብ መርከቧ ከሰጠመች ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ደርሳ የተረፉትን አነሳች።

ኩርስክ፦ የዘገየው እርዳታ

ኦገስት 12 ቀን 2000 በባረንትስ ባሕር በተካሄደ ትልቅ ልምምድ ላይ የሩሲያ ባሕር ኃይል ኩራት የነበረችው ኩርስክ በሁለት ፍንዳታዎች ተመታች። 154 ሜትር ርዝመት ያላት ይህች መርከብ 118 ሰዎች አሳፍራ ነበር። ከነሱ መካከል በዳግስታን ካስፒይስክ ከተማ ከሚገኘው የቶርፒዶ ፋብሪካ የመጡ ባለሙያዎችም ይገኙበታል።

በ2002 የተጠናቀቀው ይፋዊ ምርመራ እንዳመለከተው የመጀመሪያው ፍንዳታ መነሻ የልምምድ ቶርፒዶ ነው። ቶርፒዶው የሚሠራው በተጠናከረ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲሆን ፈሳሹ አፈትልኮ ፈነዳ። ሁለት ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ካለፈ በኋላ በሙቀቱ ሌሎቹ ቶርፒዶዎች ፈነዱ። ሁለተኛው ፍንዳታ በሩቅ አገራት የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች ላይ ሳይቀር ተመዝግቧል። የፈሳሹ አደገኛነት አዲስ ነገር አልነበረም፤ በ1955 ሲዶን የተባለችው የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ በፖርትላንድ ወደብ ውስጥ በተመሳሳይ ቶርፒዶ ፈንድታ 13 ሰዎች ሞተዋል። እንግሊዞችም ከዚያ ወዲህ ይህን ዓይነት ቶርፒዶ መጠቀም ትተዋል።

ኩርስክ ያረፈችው 108 ሜትር ጥልቀት ላይ ነበር፤ ይህም ከመርከቧ ርዝመት ያነሰ ነው። 23 ሰዎች ከፍንዳታው ተርፈው በመጨረሻው ክፍል ተሰብስበው ነበር። ዲሚትሪ ኮሌስኒኮቭ የተባለ መኮንን በጨለማ ውስጥ ሆኖ ስማቸውን በወረቀት ዘርዝሮ ጻፈ። ወረቀቱ ከአስከሬኑ ጋር ተገኝቷል። የሩሲያ ነፍስ አድን ቡድኖች የመውጫውን ክዳን መክፈት አቃታቸው። የእንግሊዝና የኖርዌይ የእርዳታ ጥያቄ ተቀባይነት ያገኘው ከቀናት በኋላ ነው። የኖርዌይ ጠላቂዎች ክዳኑን የከፈቱት ኦገስት 21 ሲሆን በሕይወት ያገኙት ሰው አልነበረም። እንደ ምርመራው ከሆነ 23ቱ የሞቱት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ቢሆንም ቤተሰቦቻቸው ዘጠኝ ቀን ሙሉ በተስፋና እርስ በርሱ በሚጋጭ መግለጫ መካከል ሲንገላቱ ቆይተዋል። የማብላያዎቹ መቆጣጠሪያ በራሱ ሠርቶ ስለጠፉ የጨረር ፍሳሽ አልተከሰተም። በ2001 መርከቧ ከባሕሩ ሥር እንድትወጣ ተደርጓል።

ወደብ ላይና በሙከራ ወቅት

አደጋ የሚደርሰው በጥልቅ ባሕር ብቻ አይደለም። ኦገስት 10 ቀን 1985 በቭላዲቮስቶክ አቅራቢያ በሚገኘው ቻዥማ የባሕር ወሽመጥ ኬ-431 ነዳጅ ትቀይር ነበር። የማብላያው ክዳን ሲነሳ የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ አብረው ተነሱ፤ የአተም መሰንጠቁ በድንገት ተቀጣጥሎ ፈነዳ። 10 ሰዎች ወዲያው ሲሞቱ በአካባቢው ጨረር ተረጨ። ጉዳዩ ለዓመታት በምስጢር ተይዟል።

ኖቬምበር 8 ቀን 2008 ደግሞ ኔርፓ የተባለችው አዲስ የሩሲያ ሰርጓጅ መርከብ በጃፓን ባሕር ሙከራ ላይ ሳለች የእሳት ማጥፊያ ሥርዓቷ ያለ እሳት ተከፈተ። ጋዙ በክፍሎቹ ውስጥ ኦክስጅኑን ተክቶ 20 ሰዎችን ገደለ። አብዛኞቹ ሟቾች ለሙከራው የገቡ የመርከብ ግንባታ ሠራተኞች ነበሩ። 73 ሰዎች እንድትይዝ በተሠራችው መርከብ ላይ በዚያን ቀን 208 ሰዎች ተሳፍረው ነበር።

ግጭቶች

ሰርጓጅ መርከብ መስኮት የለውም። የሚሄደው በካርታና ሶናር በተባለው የድምፅ መሣሪያ ነው። ሶናሩ ድምፅ ካወጣ ስለሚታወቅበት ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ዝምታው ከጠላት ይሰውረዋል፤ ከወዳጅም ጋር ያጋጨዋል።

ፌብሩዋሪ 2009 ላይ የእንግሊዟ ቫንጋርድና የፈረንሳይዋ ለ ትሪዮምፋን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ተጋጩ። ሁለቱም የኒውክሌር ሚሳይል የሚሸከሙ፣ ሁለቱም የኔቶ አባል አገራት መርከቦች ናቸው። የሞተ ሰው አልነበረም። ፈረንሳይ በመጀመሪያ መርከቧ የመታችው ምናልባት ኮንቴይነር ሊሆን እንደሚችል ገልጻ ነበር።

በዚያው ዓመት ማርች 20 ሃርትፎርድ የተባለችው የአሜሪካ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ በሆርሙዝ ሰርጥ ኒው ኦርሊንስ ከተባለች የራሷ አገር የጦር መርከብ ጋር ተጋጨች። 15 መርከበኞች ቀላል ጉዳት ሲደርስባቸው 95,000 ሊትር ያህል ናፍጣ ወደ ባሕር ፈሰሰ። ማብላያው ጉዳት አልደረሰበትም።

ጃንዋሪ 8 ቀን 2005 ሳን ፍራንሲስኮ የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ከጉዋም ደሴት ደቡብ ምሥራቅ በሙሉ ፍጥነት ስትጓዝ ከባሕር ወለል ከተነሳ ተራራ ጋር ተላተመች። የተጠቀመችበት ካርታ ተራራውን አያሳይም ነበር። አንድ መርከበኛ ሞተ፤ 98 ቆሰሉ። ከ16 ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 2021 ላይ፣ ኮኔክቲከት የተባለችው በደቡብ ቻይና ባሕር ተመሳሳይ አደጋ ደርሶባታል።

ሰላማዊ ሰዎችን የነካው አደጋ የደረሰው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2001 በሃዋይ አቅራቢያ ነው። ግሪንቪል የተባለችው የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ለሲቪል እንግዶች ትርኢት ለማሳየት በአስቸኳይ ወደ ላይ ስትወነጨፍ ኤሂሜ ማሩ የተባለችውን የጃፓን የዓሣ ማጥመጃ ትምህርት ቤት መርከብ ከሥሯ መታቻት። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ፤ አራቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። የሰርጓጅ መርከቧ አዛዥ ከባሕር ኃይል ከተሰናበተ በኋላ ጃፓን ድረስ ሄዶ የሟቾቹን ቤተሰቦች ይቅርታ ጠይቋል።

ከባሕር ገጽ ላይ ከሚሄዱት መካከልም በ2017 ሁለት የአሜሪካ የጦር መርከቦች በሁለት ወር ልዩነት ከንግድ መርከቦች ጋር ተጋጭተዋል። በፊትዝጄራልድ ላይ 7፣ በጆን ማኬይን ላይ ደግሞ 10 መርከበኞች ሞቱ። በጆን ማኬይን ላይ ሠራተኞቹ አዲሱን የንክኪ ስክሪን መሪ በሚገባ አላወቁትም ነበር። የመሪው ቁጥጥር ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው መዛወሩን ሳያስተውሉ መርከቡ ከእጃቸው ወጣ። ባሕር ኃይሉም በኋላ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ወደ ቀድሞው የእጅ ማንሻ ለመመለስ ወሰነ።

ዱምሉፒናርና ናንጋላ፦ የቱርክና የኢንዶኔዥያ ሐዘን

ቀጥለን የምናነሳቸው ሁለቱ መርከቦች የኒውክሌር አልነበሩም። ይሁንና በሙስሊሙ ዓለም ከሚታወሱት የባሕር ኃይል አደጋዎች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው።

ኤፕሪል 4 ቀን 1953 ንጋት ሳይቀድ የቱርኳ ዱምሉፒናር ከኔቶ ልምምድ ስትመለስ በዳርዳኔልስ ሰርጥ ናቦላንድ ከተባለች የስዊድን የጭነት መርከብ ጋር ተጋጭታ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። በኋላዋ ክፍል 22 ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ስልክ የተገጠመለት ተንሳፋፊ ወደ ላይ ለቀቁ። ከላይ የደረሱት በስልኩ አነጋገሯቸው፤ አየሩን እንዲቆጥቡም መከሯቸው። ይሁን እንጂ በሰርጡ ኃይለኛ ሞገድ ምክንያት ማዳን አልተቻለም። ገመዱም ተበጠሰ። 81 ሰዎች ሞቱ። ቱርክ ኤፕሪል 4ን የባሕር ሰማዕታት መታሰቢያ አድርጋ ትዘክራለች።

የኢንዶኔዥያዋ ናንጋላ የጠፋችው በረመዳን ወር ውስጥ ነው። ኤፕሪል 21 ቀን 2021፣ በአገሪቱ አቆጣጠር ረመዳን 9 ቀን 1442 ዓመተ ሂጅራ፣ ሙስሊሙ ለሱሑር በሚነሳበት የሌሊቱ ክፍል ከባሊ ደሴት በስተሰሜን ለቶርፒዶ ልምምድ ለመስጠም ፈቃድ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ድምጿ ጠፋ። 53 ሰዎች ነበሩባት። የኦክስጅን ክምችቷ ለ72 ሰዓት ብቻ እንደሚበቃ በመገለጹ አገሪቱ በሙሉ ሰዓት እየቆጠረች በዱዓእ ቆየች። በአራተኛው ቀን 838 ሜትር ጥልቀት ላይ ሦስት ቦታ ተሰባብራ ተገኘች፤ የተሠራችው ግን ለጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ነበር። መርከቧ በጀርመን ተሠርታ 40 ዓመት ያገለገለች ናት። ስብርባሪውን ለማውጣት ከቻይና መርከቦች ጋር የተጀመረው ጥረትም ዳር ሳይደርስ ቀረ። መርከበኞቹ እዚያው ባሕሩ ውስጥ ቀርተዋል። አላህ ለሟቾቹ ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብሩን ይስጣቸው።

ባሕሩ ሥር የቀረው

እስካሁን ዘጠኝ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ሰጥመዋል፤ ሁለቱ የአሜሪካ፣ ቀሪዎቹ የሶቪየት ኅብረትና የሩሲያ ናቸው። ኩርስክን ጨምሮ ጥቂቶቹ ወጥተዋል። ኬ-27 የተባለችው ማብላያዋ ከተበላሸ በኋላ በ1982 ሆን ተብሎ በካራ ባሕር እንድትሰጥም ተደርጓል። ኬ-159 ደግሞ ከአገልግሎት ወጥታ ለመፍረስ እየተጎተተች ሳለ ኦገስት 30 ቀን 2003 በማዕበል ሰጠመች። በላይዋ ከነበሩት 10 ሰዎች 9ኙ ሲሞቱ 800 ኪሎ ግራም ያህል ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅ ይዛ ወርዳለች።

የጨረሩ አደጋ ምን ያህል ነው? በ2019 የኖርዌይና የሩሲያ ተመራማሪዎች ወደ ኮምሶሞሌትስ የርቀት መቆጣጠሪያ ያለው መሣሪያ ልከው ነበር። ከአንድ የአየር ማስወጫ ቧንቧ አጠገብ የተወሰደው ናሙና በኖርዌይ ባሕር ከተለመደው እስከ 800,000 እጥፍ የሚደርስ ሲዚየም-137 ተገኝቶበታል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ሆኖም ከቧንቧው ጥቂት ሜትሮች ራቅ ሲባል መጠኑ እጅግ ይቀንሳል። ተመራማሪዎቹም ለሰውና ለዓሣ የሚያሰጋ አይደለም ብለዋል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ 1,680 ሜትር ጥልቅ የሆነው ባሕር ፈሳሹን ያቀጥነዋል፤ በዚያ ጥልቀት የሚኖረው ዓሣም ጥቂት ነው። ጥልቀት በሌላቸው ባሕሮች ያሉት እንደ ኬ-27 እና ኬ-159 ያሉ መርከቦች ግን ዓሣ በሚጠመድበት አካባቢ ስለሚገኙ፣ ብረታቸውም በየዓመቱ እየዛገ ስለሚሄድ ይበልጥ ያሳስባሉ።

ቀይ ባሕርና አካባቢያችን

በደርግ ዘመን የሶቪየት ባሕር ኃይል በዳህላክ ደሴቶች ኖክራ ላይ የጥገናና የስንቅ ጣቢያ ነበረው። ዛሬ ደግሞ በቀይ ባሕር የብዙ አገራት የጦር መርከቦች ይመላለሳሉ። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ስፋቱ። የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚያልፈውም በዚሁ መስመር ነው።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025 በኒውክሌር ኃይል የምትሄደው ሃሪ ትሩማን የተባለች የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በግብፅ ፖርት ሰይድ አቅራቢያ ቤሺክታሽ-ኤም ከተባለች የንግድ መርከብ ጋር ተጋጭታለች። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ማብላያዎቿም ደህና እንደሆኑ ተገልጿል። ክስተቱ ግን በተጨናነቀ የባሕር መስመር ላይ ትልቅነትና ዘመናዊነት ብቻውን ከአደጋ እንደማያድን አሳይቷል።

ዜናው ሲሰማ ምን እንጠይቅ?

እንዲህ ዓይነት አደጋ ሲደርስ በማኅበራዊ ሚዲያ ወሬው ከመረጃው ቀድሞ ይሮጣል። ከላይ ካየናቸው ታሪኮች በመነሳት አንባቢያን አራት ነገሮችን እንዲጠይቁ እንመክራለን።

አንደኛ፣ መርከቡ በኒውክሌር ኃይል የሚሄድ ነው ወይስ የኒውክሌር መሣሪያ የጫነ? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ናንጋላ ከሁለቱም አንዱ አልነበራትም፤ ኮምሶሞሌትስ ሁለቱም ነበራት።

ሁለተኛ፣ ማብላያው ጠፍቷል? ማቀዝቀዣውስ ይሠራል? በኩርስክ ማብላያው በራሱ ጠፍቷል፤ በኬ-19 ቢጠፋም ማቀዝቀዣ በመታጣቱ ሰዎች ሞተዋል።

ሦስተኛ፣ የሰጠመው ስንት ሜትር ላይ ነው? ጥልቀቱ ከመርከቡ ወሰን በታች ከሆነ የተረፈ ሰው ይኖራል ብሎ ተስፋ መስጠት ቤተሰብን ማሰቃየት ነው። ከወሰኑ በላይ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው፤ የውጭ እርዳታን ማዘግየትም ሕይወት ያስከፍላል።

አራተኛ፣ መረጃውን የሰጠው ማን ነው? የቻዥማና የኬ-19 አደጋ ለዓመታት ተደብቋል። የለ ትሪዮምፋን ግጭት በመጀመሪያ ከኮንቴይነር ጋር እንደሆነ ተነግሯል። የባሕር ኃይሎች ምስጢር መጠበቅ ልማዳቸው ስለሆነ የመጀመሪያው መግለጫ የመጨረሻው እውነት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከአንድ በላይ ምንጭ እስኪያረጋግጠው ድረስ ወሬውን ለሌላው አለማስተላለፍ የሁላችንም ኃላፊነት ነው። በዚያች ሰዓት ስልኩን ይዞ ዜና የሚጠብቅ ቤተሰብ አለና።